ብርቅ ተክልና ባለቤቱ

ሰው ብርቅ ነገር ሲያገኝ ሁለት ስሜቶች በአንድነት ይነሡበታል። አንደኛው «ኑና እዩልኝ» የሚል ነው። ሁለተኛው «እንዳትነኩብኝ» የሚል ነው። ሁለቱም ከአንድ ልብ ይፈልቃሉ፤ ሁለቱም ያንኑ ነገር ከመውደድ ይመነጫሉ፤ ይሁን እንጂ አብረው ውለው ማደር አይችሉም። አንደኛው ሲያሸንፍ ሰውየው ለጋሽ ይባላል፤ ሁለተኛው ሲያሸንፍ ንፉግ ይባላል። በመካከላቸው ያለው ጥያቄ ግን፣ ይኸውም «ብርቅ ነገር በእርግጥ የማን ነው?» የሚለው፣ እንዲህ በቀላሉ የሚፈታ አይደለም።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የነገሥታትን ግምጃ ቤት ወይም የከበርቴዎችን መዝገብ ማገላበጥ የሚያስፈልግ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ አንድ ጸጥተኛ ስፍራ እመርጣለሁ፤ የአትክልተኞችን ማኅበር አዳራሽ።

በብሪታንያ በየከተማውና በየመንደሩ አትክልት መትከል የሚወዱ ሰዎች የመሠረቷቸው ማኅበራት አሉ። አባላቱ በተወሰነ ቀን ማታ ይሰበሰባሉ። ጡረታ የወጣ መምህር፣ የሐኪም ቤት አስታማሚ፣ ባለሱቅና የፋብሪካ ሠራተኛ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቆማሉ። እያንዳንዱ በግቢው ካበቀለው መካከል «ይህስ በሌላው ዘንድ አይገኝም» ያለውን ተክል በሸክላ ይዞ መጥቷል። ተራው ሲደርስ ይነሣና ይናገራል፤ የተክሉን ስም፣ አገሩን፣ ከማን እጅ እንዳገኘው፣ ምን ዓይነት አፈር እንደሚወድ፣ ውርጭ እንዴት እንደሚጎዳው፣ ስንት ጊዜ እንደሞተበት ሳይቀር ይተርካል። ስብሰባው ሲያበቃ ከቅርንጫፉ ቆርጦ፣ ወይም ሥሩን ከፍሎ፣ ወይም ዘሩን በወረቀት ጠቅልሎ ለፈለገው ሁሉ ያድላል። እስከ ትናንት ድረስ በእርሱ ግቢ ብቻ የነበረው ተክል በማግሥቱ በአሥር ግቢ ይተከላል።

ልማዱ አዲስ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጋቢት 1804 ሰባት ሰዎች ለንደን ውስጥ በፒካዲሊ ጎዳና በሚገኘው በሃቻርድስ መጻሕፍት ቤት ተሰብስበው ያቋቋሙት የአትክልተኞች ማኅበር ኋላ የንጉሣዊነት ማዕርግ አግኝቶ እስከ ዛሬ አለ። ከእነርሱ ቀደም ብሎም ቢሆን ይህን ሥራ የያዙት ባላባቶች ብቻ አልነበሩም። በስኮትላንድ የፔይስሊ ከተማ ሸማኔዎች የካርኔሽን ዘመድ የሆነችውን ትንሽ አበባ እያዳቀሉ ቅጠሏ ዙሪያውን ጥለት ያለው እስኪመስል ድረስ አሳምረዋታል። በእንግሊዝም የላንክሻየር ሸማኔዎች ኦሪኩላ የምትባለውን የተራራ አበባ በእንዲሁ ያለ ትጋት ይንከባከቡ ነበር። ለዓመቱ ምርጥ አበባ ይሰጥ የነበረው ሽልማት ብዙውን ጊዜ የመዳብ ማንቆርቆሪያ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሸማ ዕቃው ፊት ተቀምጦ የሚውል፣ ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ሰው፣ ጥለቱን በሌላው ሸማ ላይ ጥሎ ሲያበቃ የራሱን ጥለት በአበባ ላይ ይፈልግ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይጀምራል። የዚያ ተክል ደስታ ግማሹ ሌላው ሰው የሌለው መሆኑ ነው። ታዲያ ባለቤቱ በገዛ እጁ ቆርጦ ሲያድል ብርቅነቱንም አብሮ ቆርጦ ያጠፋል። ይህን የሚያደርገው ለምንድን ነው? ሞኝ ስለሆነ ነው? ወይስ እኛ ያልተረዳነው አንድ ነገር ገብቶት ነው?

*

ብርቅነት ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው። አንዱ ከነገሩ ከራሱ የሚመነጭ ነው፤ የአበባው ቀለም፣ የሽታው ጣዕም፣ የቅጠሉ ቅርጽ። ሌላው ከሌሎች ማጣት የሚመነጭ ነው። ሁለቱን ዋጋዎች አለያይቶ ማየት የተሳነው ሰው ምን እንደሚደርስበት በ17ኛው መቶ ዓመት በኔዘርላንድስ ታይቷል።

ቱሊፕ ከቱርኮች ግዛት ወደ አውሮፓ ከገባች በኋላ የኔዘርላንድስ ከበርቴዎች አበደሩላት። ከሁሉ የበለጠች የተባለችው «ሴምፐር አውጉስቱስ» በነጭ መደብ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ነበልባል የተረጨባት ነበረች። ሽንኩርት የሚመስለው አንድ ሥሯ የአንድ ትልቅ ቤት ዋጋ ይጠራበት ጀመር። ሰዎች ያላዩትን አበባ፣ ገና ከመሬት ያልወጣውን ሥር፣ በወረቀት ይሸጡና ይለውጡ ነበር። በየካቲት 1637 ግን በሃርለም ከተማ ለጨረታ የቀረበውን ሥር የሚገዛ ጠፋ፤ ወሬው በተሰማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋጋው ተንኮታኮተ። ልብ እንበል፤ አበባዋ በዚያች ሌሊት አልጠወለገችም። ቀለሟም አልደበዘዘም። የተንኮታኮተው ሰዎች በሌሎች ማጣት ላይ የገነቡት ዋጋ ነው።

የነገሩ ምሥጢር የታወቀው ደግሞ ከሦስት መቶ ዓመታት ግድም በኋላ ነው። በ1920ዎቹ የተደረገው ምርምር ያ ነበልባል የመሰለ ኅብር የቫይረስ በሽታ ውጤት መሆኑን አሳየ። በሽታው ሥሩን ስለሚያደክመው እንደ ጤነኛው ቱሊፕ አይራባም ነበር። ስለዚህ ከበርቴዎቹ በወርቅ የመዘኑት ብርቅነት በከፊል ሕመም ነበር ማለት ነው፤ ብርቅ የሆነችው መራባት ስላቃታት ነው። ከዚህ የተሻለ የንፍገት ምሳሌ አላውቅም። ነገሩን ብርቅ አድርጎ ማቆየት ብዙ ጊዜ ነገሩን አድክሞ ማቆየት ነው።

የመዳብ ማንቆርቆሪያ ሊሸለም አበባውን ይዞ የመጣው ሸማኔ ከዚህ ተለይቶ የሚቆመው ድኻ ስለሆነ አይደለም። ድህነት ብቻውን ሰውን ለጋሽ አያደርግም። የሚለየው የሚፎካከርበት ነገር ነው፤ ከበርቴው በመያዝ ይፎካከራል፣ ሸማኔው ግን በማሳመር። በመያዝ የሚፎካከር ሰው ጎረቤቱ እንዳይኖረው ይመኛል። በማሳመር የሚፎካከር ሰው ግን ጎረቤቱም ያው ተክል እንዲኖረው ይፈልጋል፤ አለዚያ ማን ከማን በልጦ እንዳሳመረ በምን ይታወቃል?

*

ከዚህ ቀጥሎ የተክልን ልዩ ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። እንጀራ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ ይደርሳል። ርስት ለወንድማማች ሲከፋፈል ይጠባል። ተክል ግን ሲካፈል ይበዛል። የሰጠ ሰው ከሰጠው የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ይልቁንም ካልሰጠው የሚጎድልበት ጊዜ አለ።

በ1765 ጆን ባርትራምና ልጁ ዊልያም በሰሜን አሜሪካ፣ በጆርጂያ፣ በአልታማሃ ወንዝ አጠገብ አንድ ነጭ አበባ ያለው ዛፍ አዩ። ዊልያም ከዓመታት በኋላ ወደዚያው ተመልሶ ዘሩን ሰበሰበ፤ በፊላዴልፊያ ባለው የቤተሰቡ የአትክልት ስፍራ ተከለው፤ ለሌሎችም አደለ። ዛፉ በበረሃው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1803 ነው። ከዚያ ወዲህ ፍለጋ የወጡ ሁሉ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ዛሬ ፍራንክሊኒያ በሚል ስም በብዙ አገሮች የሚያብበው ዛፍ ሁሉ ከዚያች ግቢ የተነሣ ነው። እንዲሁም በፋሲካ ደሴት ብቻ የሚበቅለው ቶሮሚሮ የተባለው ዛፍ ከደሴቲቱ ጠፍቶ ዘሩ የተረፈው ቶር ሄየርዳል በ1950ዎቹ ይዞት የሄደው ፍሬ በስዊድን በዬተቦርግ የዕፀዋት አፀድ ስለበቀለ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ አንድ የሚያሳዝን ምስክር አለ። በ1895 በደቡብ አፍሪካ፣ በናታል፣ በኦንጎዬ ጫካ ጆን ሜድሊ ዉድ ዘንባባ የሚመስል አንድ ጥንታዊ ተክል አገኘ። ወንዴ ነበር። ሴቴዋን ብዙዎች ፈለጓት፤ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ከግንዱ ሥር የወጡት ቡቃያዎች እየተነቀሉ በዓለም ዙሪያ ባሉ አፀዶች ተተክለዋል፤ ሁሉም ግን ያው አንዱ ናቸው፤ ሁሉም ወንዴ ናቸው፤ አንዳቸውም ዘር አያፈሩም። የመጨረሻው ብቸኛ እስኪቀር ከተጠበቀ በኋላ ማደል ቅጂውን እንጂ ትውልዱን አያተርፍም። ለጋሽነትም ሰዓት አለው።

እኛ ዘንድ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ይባላል። ይህ ተረት ዘወትር የሚጠቀሰው ስለ ሥራ ትብብር ነው። ለእኔ ግን ስለ ብርቅ ነገር የተነገረም ይመስለኛል። ብርቅ ተክል ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ውርጭ በመጣ ቁጥር፣ ጉንዳን በወጣ ቁጥር፣ ባለቤቱ ራሱ በታመመ ቁጥር የተክሉ ዘር አብሮ ይታመማል። ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው፤ ከአንዱ ግቢ ቢደርቅ ከሌላው ይመለሳል።

*

አዳራሽ፣ ሊቀ መንበርና የአባልነት ደብተር የሌለው የአትክልተኞች ማኅበር በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ነበረ። ስብሰባው በገበያ፣ በደቦ፣ በለቅሶና በሠርግ ይደረጋል። እንሰትን እንውሰድ። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በወላይታ፣ በጋሞና በከፋ ቤቶች ጓሮ የሚቆመው ይህ ተክል ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይመግባል። ለዓይን አንድ የሚመስለው የእንሰት ጓሮ ለባለቤቷ አንድ አይደለም። ለቆጮ የሚሆነው፣ ቡላው የሚያምረው፣ አሚቾው ተቀቅሎ የሚጣፍጠው፣ ቃጫው የሚጠነክረው፣ ለተሰበረ አጥንት መጠገኛ የሚፈለገው፣ እያንዳንዱ የየራሱ ስም አለው። ባለሙያዎች በየአካባቢው የመዘገቧቸው ስሞች በመቶዎች ይቆጠራሉ። እነዚህ ሁሉ በመንግሥት ትእዛዝ ወይም በነጋዴ አቅራቢነት አልተሰራጩም፤ ከዘመድ ወደ ዘመድ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በእጅ ተላለፉ እንጂ።

እንሰት የሚባዛበት መንገድ ራሱ የሚናገረው አለ። ገበሬው ገና ያልጎመራውን ተክል ከመሬት አጠገብ ይቆርጠዋል፤ የአሚቾውን መካከለኛ እምቡጥ ቆፍሮ ያወጣዋል፤ በአፈርና በፍግ ይሸፍነዋል። እናቲቱ ለብቻዋ ሽቅብ ማደጓን ትታለች፤ በምትኩ ከጎኗ በአሥሮች የሚቆጠሩ ቡቃያዎች ይፈላሉ። እምቡጡ ባይነቀል ኖሮ አንድ ረጅም ተክል ይሆን ነበር። ስለተነቀለ ግን ጓሮ ሆነ።

የወሎ ማሽላም ሌላ ምስክር ነው። በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው ላይሲን በተባለው የገንቢ ምግብ ክፍል እጅግ የበለጸጉ ሁለት ዘሮች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ፤ የተገኙትም በወሎ ነው። የሳይንስ ዓለም ተደነቀ። ገበሬው ግን እንዲህ ያለውን ማሽላ በእርሻው መካከል ጥቂት ጥቂት እየዘራ እሸቱን እየጠበሰ ይበላው ነበር፤ ስምም አውጥቶለት ነበር። ከስሞቹ አንዱ «ወተት በጉንጬ» ነው። ቤተ ሙከራው በመሣሪያ የለካውን ገበሬው በጉንጩ ለክቶ በሁለት ቃል ጽፎት ነበር ማለት ነው። ለእንደኛ ያለው የቃል ሠራተኛ ከዚህ የሚማረው ብዙ ነው።

*

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀና መስሎ ይታያል፤ ስጡ፣ አካፍሉ፣ ይበዛላችኋል። ነገር ግን ክርክሩን ከዚህ ላይ ማቆም ለአንባቢ መዋሸት ይሆናል። ሦስት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሦስቱም ቀላል አይደሉም።

የመጀመሪያው የመድኃኒት አዋቂው ተቃውሞ ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን አንድ የታወቁ መድኃኒተኛ አዛውንት ነበሩ። ከግቢያቸው ጥግ ቅጠሏ ሸካራ የሆነ አንዲት ቁጥቋጦ ነበረች። ጎሕ ሳይቀድ ግራ ቀኝ ተመልክተው ከሥሯ ቆንጠር አድርገው ይወስዱ ነበር። «አባባ፣ ይህች ምን ትባላለች?» ስንላቸው «ቅጠል ናት ልጄ፣ ቅጠል ምን ስም አላት?» ይሉናል። ብዙ ሰው በእሳቸው እጅ ድኗል ይባል ነበር። አንድ ክረምት ታመሙና በድንገት ዐረፉ። ከተዝካራቸው በኋላ ወራሾቻቸው ግቢውን ሲያስተካክሉ ቁጥቋጦዋን ቆርጠው ከማገዶው ጋር አነደዷት። ማንም ክፉ አላሰበም። የማያውቁትን ነው ያነደዱት።

እኚህን ሰው ንፉግ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ሆኖም መድኃኒት በማያውቅ እጅ መርዝ ይሆናል። ሙያው ደግሞ እንጀራቸው ነበረ፤ ስሙን ቢናገሩ ነገ ሌላው ነቅሎ ይሸጠዋል፤ ዘሩም ከአካባቢው ይጠፋል። ምሥጢሩን ከአባታቸው የተቀበሉት «ለታላቅ ልጅህ ብቻ» ተብለው በመሐላ ነው። እሳቸውም አደራ ጠባቂ ነበሩ። ስሕተታቸው መጠበቃቸው ላይ አይደለም፤ የሚጠብቁለትን ሰው ሳያዘጋጁ መሞታቸው ላይ ነው።

ሁለተኛው የተነጠቀው ሰው ተቃውሞ ነው። ቡና ከአገራችን ጫካ ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን ዞረ። በ1714 የአምስተርዳም ከተማ ሹም ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አንድ የቡና ተክል በስጦታ ሰጡ፤ በፓሪስ የንጉሡ አፀድ ተተከለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደ ክሊዩ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን አንድ የቡና ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ሲጓዝ መርከቡ ላይ ውኃ ስላነሰ የራሱን ድርሻ ለችግኙ እያካፈለ እንዳደረሰው ጽፏል። እንዲህ ባሉ እጅግ ጥቂት ተክሎች ሰፊ የአሜሪካ ምድር በቡና ተሸፈነ። ባሮች በዚያ ቡና ሥር ወደቁ፤ ነጋዴዎች ከበሩ፤ የመጀመሪያውን ዛፍ የተንከባከበው የከፋ ገበሬ ግን ስሙ በየትም አልተጻፈም። በዘመናችንም በ2003 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት ጠየቀ፤ በ2007 በአውሮፓ ተሰጠው፤ የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንድሱን መብት የሻረው በ2018 ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ኢትዮጵያዊቱ እናት ለሺህ ዓመታት ስታቦካው የኖረችው ሊጥ የሰው ፈጠራ ተብሎ በወረቀት ሰፍሮ ነበር።

ታዲያ የተነጠቀ ሰው «ከእንግዲህ አልሰጥም» ቢል ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። ነገር ግን መድኃኒቱ በር መዝጋት አይመስለኝም። ወደ አዳራሹ ጠረጴዛ እንመለስ። በዚያ ተክሉ የሚሰጠው ከነታሪኩ ነው። «ይህን ያገኘሁት ከእገሊት ነው፤ እርሷም ከእገሌ» የሚለው ቃል ከቅርንጫፉ ጋር አብሮ ይተላለፋል። ተቀባዩም ለሌላው ሲሰጥ ያንኑ ሐረግ ይደግማል። በዚህ ሕግ መሠረት የተሰጠ ነገር ሊሰረቅ አይችልም፤ የሰጪው ስም ተጣብቆበታልና። በ1992 የተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነትና በ2010 የተከተለው የናጎያ ሰነድ መንግሥታትን ያግባቡት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ዘር የወሰደ ሰው ከማን እንደወሰደ ይናገር፣ ያገኘውንም ጥቅም ያካፍል። ንጥቂያና ስጦታ በእጅ ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ስም ነው።

ከቡናው ታሪክ ሌላም የሚነሣ ነገር አለ። በ1869 በሲሎን፣ በ1970 ደግሞ በብራዚል የታየው የቡና ቅጠል ዝገት የተጠበበ ዘር ያለውን እርሻ አስጨነቀ። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ እኛም ሲመጣ ግን መከላከያው የተገኘው በዚሁ አገር ነው፤ የጂማ ተመራማሪዎች በበሽታው መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ከየጫካውና ከየጓሮው መርጠው አባዙ። በሌላው ዘንድ ጥቂት ብቻ የነበረው በእኛ ገበሬዎች ጓሮ ብዙ ስለነበረ ነው። የሰጠ ሰው ምንጩን አላጣም።

*

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ያለ ዕውቀት የመስጠት ጉዳይ ነው። ኤለን ዊልሞት ስለተባለች እንግሊዛዊት አትክልተኛ እንደሚነገረው፣ የሰው ግቢ ልትጎበኝ በሄደች ቁጥር የምትወደውን እሾኻማ ብርማ አበባ ዘር ሳትታይ ትበትን ነበር። ከጊዜ በኋላ አበባው ባልተጠበቀ ስፍራ ብቅ ሲል ሰዎች «የሚስ ዊልሞት መንፈስ» አሉት። ይህ ያስቃል። እምቦጭ ግን አያስቅም። ሐምራዊ አበባው እጅግ ያምራል። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ለኩሬ ማስጌጫ እየተባለ ከአፀድ ወደ አፀድ፣ ከአገር ወደ አገር በስጦታ ዞረ። በእኛ አገር በ1960ዎቹ በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በ2011 ጣና ላይ መድረሱ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ያየ ሰው፣ የሰጪ ቅንነት ብቻውን ስጦታን በጎ እንደማያደርገው ይረዳል። ያ አበባ የተሰጠው በፈገግታ ነበር።

እንግዲህ መስጠት ብቻውን ምግባር አይደለም። መከልከልም ብቻውን ነውር አይደለም። በ1994 ከሲድኒ ብዙም በማይርቅ ገደል ውስጥ ከመቶ የማይበልጡ የዎለማይ ጥድ ዛፎች ሲገኙ አውስትራሊያውያን ስፍራውን ደበቁት፤ የጎብኚ ጫማ የሚያመጣው የሥር በሽታ ሊያጠፋቸው ይችላልና። ችግኙን ግን አባዝተው ከ2005 ጀምሮ ለዓለም ሁሉ አቀረቡት። ቦታውን ሸሸጉ፤ ዛፉን ሰጡ። ሁለቱም ከአንድ ፍቅር የወጡ ሥራዎች ናቸው።

*

የመከልከልን ነገር ካነሣን ዘንድ ስለ ሌኒንግራድ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ኒኮላይ ቫቪሎቭ ከዓለም ዙሪያ ዘር የሰበሰበ የሶቪየት ሳይንቲስት ነው። በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴአችንንና የገብሳችንን ብዛት ተመልክቶ ተደንቋል፤ ኢትዮጵያንም ሰው ካለማቸው ሰብሎች መነሻ ማዕከሎች አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል። ከሰበሰበው ጋር የእኛም ገበሬ ዘር ሌኒንግራድ ገባ። ከተማዋ ከ1941 እስከ 1944 በተከበበችበት ጊዜ ሰው በረኀብ በየጎዳናው ሲወድቅ የተቋሙ ሠራተኞች በሩዝ፣ በስንዴና በለውዝ ከረጢቶች መካከል ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። የሩዝ ባለሙያው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሩዝ ከረጢቶች ተከቦ በረኀብ ሞተ። የለውዙ ባለሙያ አሌክሳንደር ሽቹኪን በሥራ ጠረጴዛው ላይ ሞተ። ቫቪሎቭ ራሱ በሐሰት ተከሶ ታስሮ ስለነበር በጥር 1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት አለፈ።

እነዚህ ሰዎች ለተራበ ጎረቤታቸው አልሰጡም። ታዲያ ንፉጎች ነበሩ? ሕሊናችን ወዲያው «አልነበሩም» ይላል፤ ለምን እንደሚል ግን መጠየቅ ይገባል። እንደ እኔ አስተያየት መለያው ይህ ነው፤ ንፉግ ለሌላው ይከለክላል፣ ለራሱ ግን አይከለክልም። ባለአደራ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚከለክለው ራሱን ነው። ኢቫኖቭ ሩዙን ለራሱ ነፍስ እንኳ አልሰጠም፤ ምክንያቱም ሩዙ ገና ላልተወለዱት የተሰጠ መሆኑን ያውቅ ነበር። እርሱ በስጦታው መንገድ ላይ የቆመ ዘበኛ እንጂ የስጦታው ባለቤት አልነበረም።

ይህንን ለመረዳት የእኛ ገበሬ ማስተማሪያ አያስፈልገውም። ለዘር የመረጠውን የማሽላ ራስና የበቆሎ ዛላ ከምድጃው በላይ ሰቅሎ በጭስ ከነቀዝ ሲጠብቅ የኖረ ነው። ያንን ዘር ወርዶ መብላት ምን ማለት እንደሆነ ከ1984ቱ ረኀብ የተረፉ ሁሉ ያውቁታል። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፀዋት ዘር ማዕከል በዚያ ክፉ ጊዜ ከጠፍ መንደሮች ያሰባሰበው የገበሬ ዘር ነበር፤ ዶክተር መላኩ ወረደና የሥራ ባልደረቦቻቸው በኋላ ያንን ዘር ወደ ገበሬው ማሳ መልሰው ከገበሬው ጋር ማባዛት ያዙ፤ ለዚህም ሥራ በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጣቸው። ዘሩ ከገበሬው ወጣ፤ በአደራ ተቀመጠ፤ ወደ ገበሬው ተመለሰ። የዘር ማዕከሉ ቀዝቃዛ ክፍል ከቱሊፕ ነጋዴው ካዝና የሚለየው በሩ ወደ ውጭም የሚከፈት በመሆኑ ነው።

*

ከዚህ በኋላ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ብርቅ ነገር የማን ነው? መልሱ በቋንቋችን ውስጥ ከጥንት የተቀመጠ ይመስለኛል፤ አደራ በሚለው ቃል። ባለቤት ማለት «የእኔ ነው» የሚል ነው። ባለአደራ ማለት «እኔ ዘንድ ነው» የሚል ነው። በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለው ርቀት በንፉግና በለጋሽ መካከል ያለው ርቀት ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል፤ አደራ የተቀበለ ሰው እንደልቡ መደበቅም ሆነ እንደልቡ መበተን አይችልም። ሲሰጥ ስሙን ይናገራል፤ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ እንዴት እንደሚያድግ፣ ምን ጉዳት እንዳለው ሳይሸሽግ ያስረዳል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ስጦታ እንደ መድኃኒተኛው ቁጥቋጦ ማገዶ ይሆናል፤ ወይም እንደ ቡናው የሰው ሀብት ይሆናል፤ ወይም እንደ እምቦጭ ሐይቅ ያለብሳል።

«ለማወደስ የሚሰጥ ሰውስ? ቢጠፋብኝ መልሼ አገኘዋለሁ ብሎ ለራሱ ጥቅም የሚሰጥስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፤ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የቆሙት ሁሉ ቅዱሳን አይደሉም። ጭብጨባ ይወዳሉ። ተክላቸው በሌላ ግቢ መትረፉም ይጠቅማቸዋል። ነገር ግን የግል ጥቅምና የጋራ ጥቅም ሳይጣሉ በአንድ ሸክላ የሚበቅሉበት ሥርዓት ከተገኘ፣ ይህ የሥነ ምግባር ውድቀት ሳይሆን ድል ነው። ኅብረተሰብ ሰዎች ሁሉ መላእክት እስኪሆኑ አይጠብቅም፤ ደካማው ሰው ሳይቀር በጎ የሚሠራበትን ጠረጴዛ ያዘጋጃል እንጂ።

መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። እኛም ብርቅ ተክል አለን። በመሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ጽሑፍ፣ ለተማሪ ሳይነገር የቀረ የቅኔ መንገድ፣ «ይሰርቁኛል» ተብሎ ለወጣቱ የተሸሸገ የሙያ ብልኀት። እኔ ራሴ አንድ ወጣት ጸሐፊ ስለ ቴአትር አጻጻፍ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ የማውቀውን ትቼ የሚያውቀውን ነግሬ የሸኘሁበት ቀን አለ። ደጁን እየዘጋሁ እንደ መድኃኒተኛው «ቅጠል ናት ልጄ» ማለቴ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያ ወጣት ተመልሶ አልመጣም። የሸሸግሁት ነገርም ከእኔ ጋር እንጂ ከማንም ጋር እያደገ አይደለም።

በዚያ አዳራሽ ስብሰባው አልቆ ሰዎች ሲበተኑ ባለ ተክሉ ሸክላውን ታቅፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተክሉ ከመጣበት ይልቅ አጥሯል፤ ቅርንጫፎቹ ተቆርጠዋል፤ ቁርጡ ላይ ፈሳሹ ገና አልደረቀም። በማግሥቱ ጠዋት አይቶት ያዝን ይሆናል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከየቁርጡ አጠገብ ሁለት ሁለት አዲስ እምቡጥ ብቅ ይላል። ተክልን የሚያውቁ ሰዎች ይህን አስቀድመው ያውቃሉ፤ ስለዚህም ሲቆርጡ እጃቸው አይንቀጠቀጥም።